የመምህሩ ዝና ከመምህሩ ቀድሞ ሲደርስ

በአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



መምህርና ማኅበራዊ ሚዲያ ሲባል ብዙ ሰው ትናንት የመጣ ጣጣ ይመስለዋል። ስልኩ አዲስ መሆኑ እውነት ነው። ተማሪ መምህሩን ፊት ለፊት ሳያየው በልቡ ሥሎ መጠበቁ ግን በዚህ አገር የቆየ ነገር ነው፤ ማስረጃውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከአርዲቦ ቁልቁል ወርደን በምናገኘው በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞአ የሚባል የብራና ወንጌል አለ። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ነው። በውስጡ የአባ ኢየሱስ ሞአ ምስል ተሥሏል። እሳቸው ያረፉት ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነውና፣ ምስሉ መምህሩ በሕይወት ሳሉ የተሣለ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች፣ የፕሮፋይል ፎቶ የፌስቡክ ፈጠራ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ወደ ሐይቅ ላኩት።

አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ ወደዚህ የመጡት በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነበር። የጽሕፈት ሙያ የተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ አስተማሩ፣ መጻሕፍት አሰባሰቡ፤ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር እስከ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ተነሥተው መጥተው ከእሳቸው ሥር ለዓመታት ተቀምጠዋል። ትውፊቱ ይኩኖ አምላክንም ከተማሪዎቻቸው ይቆጥራል። መኪና በሌለበት፣ መንገዱ ሽፍታና አውሬ በሞላበት ዘመን ወጣቱን ከሸዋ እስከ ሐይቅ ያስኬደው ምን ነበር? የመምህሩ ዝና ነው።

ወሎ ይህን የሚያውቀው በገዳሙ ብቻ አይደለም። ዳናን፣ አናን፣ ገታን፣ ጃማ ንጉሥን አስቡ። ደረሳው ስንቁን ቋጥሮ፣ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሼህ ጨርሶ፣ ሌላውን የሚያውቀው ሼህ የት እንዳለ እየጠየቀ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪውም ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ እያለ ይጓዛል። ሁለቱም ከመነሳታቸው በፊት ስለ መምህሩ ሰምተዋል፤ እገሌ ይቆጣል፣ እገሌ ይራራል፣ የእገሌ አፍ ማር ነው፣ እገሌ ዘንድ ግን ካልሠራህ አትበላም። ይህን የነገራቸው ከዚያ መምህር ዘንድ ቆይቶ የመጣ ተማሪ ነው። የተራበ፣ የተገሠጸ፣ ሌሊት ተነሥቶ የቀጸለ፣ ከመምህሩ ጋር ክረምትና በጋ ያሳለፈ ሰው።

ዛሬ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ዝናውን ተሸካሚው ተለወጠ። ያኔ ስለ መምህሩ የሚያወራው የተማረበት ሰው ነበር። አሁን ስለ መምህሩ የሚያወራው መምህሩ ራሱ ነው፤ በስልኩ፣ በራሱ ቃል፣ በመረጠው ፎቶ፣ አንዳንዴም እኩለ ሌሊት ላይ በንዴት በጻፈው። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ዙሪያ ነው።

መስከረም ላይ ክፍል ሲደለደል የሚሆነውን ተማሪዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የአዲሱ የፊዚክስ መምህር ስም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ያን ቀን ማታ ስልክ ያለው ተማሪ ስሙን ፌስቡክ ላይ ይጽፋል፤ ቲክቶክ ይፈልጋል፤ ቴሌግራም ላይ ቻናል አለው ወይ ይላል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መምህሩ የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆነ፣ ሰርጉ እንዴት እንደነበረ፣ ባለፈው ዓመት ከማን ጋር በኮሜንት እንደተሰዳደበ ይታወቃል። በማግስቱ ወሬው ስልክ ለሌላቸው ይደርሳል። አርዲቦ ከፍ ብሎ ስለተኛ ትርፍ ውሃው ቁልቁል ወደ ሐይቅ እንደሚወርድ ሁሉ፣ በስልክ የታየውም ከገጠር በእግሩ ወደሚመጣው፣ ኢንተርኔት ከፍቶ ወደማያውቀው ልጅ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ይዞ ነው። ስለዚህ «የእኔ ተማሪዎች የገጠር ልጆች ናቸው፣ ገጼን አያዩም» የሚል መምህር ራሱን ያታልላል። ልጁ ገጹን ባያይም ሰምቶታል፤ የሰማውም ከተጻፈው ብሶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር በተማሪው ልብ ላይ የሚያደርገውን የውጭ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆሴፍ ማዘር፣ ሪቻርድ መርፊና ቼሪ ሲሞንድስ የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ሙከራ አደረጉ። የአንዲት መምህርት የፌስቡክ ገጽ በሦስት ዓይነት ተዘጋጀ፤ አንደኛው ስለ ራሷ ብዙ የሚገልጥ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ጥቂት ብቻ የሚናገር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱን አይተው፣ ከዚህች ሰው ብማር እንዴት እሆናለሁ የሚለውን እንዲመልሱ ተጠየቁ። ብዙ የሚገልጠውን ገጽ ያዩት ተማሪዎች ለመማር ይበልጥ እንደሚነሳሱ፣ ክፍሉም የተመቸ እንደሚሆን ገመቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ በመምህርቷ ተአማኒነት ላይም ተመሳሳይ ውጤት አገኙ።

እዚህ ላይ ቸኩለን «እንግዲያው ሁሉም መምህር ገጽ ይክፈት» እንዳንል። ተማሪዎቹ የተጠየቁት ገና ስላልተጀመረ ትምህርት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አብረው ተቀምጠው አይደለም። ደግሞ የተገለጠው ምን እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል፤ የቤተሰብና የጓደኛ ፎቶ፣ የምትወደው መጽሐፍና ፊልም፣ የመዝናኛ ጊዜዋ። እኔ የምለው፣ የእኛ አገር መምህር ስለ ራሱ «ገለጠ» ስንል የሚገለጠው በአብዛኛው ይህ አይደለም። የእኛ ሰው ገጹ ላይ የሚያሳየው ወገኑን ነው። በ2010ና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የፌስቡክን አማርኛ ያነበበ ሰው ይህን አያስተባብለኝም።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። እዚህ ተሁለደሬና አምባሰል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ሰይድና ኪዳኔ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብዙ ቤት አጎቱ ሙስሊም፣ አያቱ ክርስቲያን ነው። ልጆቹ በጋራ አድገዋል፤ በዓል ሲሆን ለየብቻ የታረደ ሥጋ የሚዘጋጅበት ቤት አይተዋል። አሁን የታሪክ መምህራቸው በሌሊት የአንዱን ሃይማኖት የሚያንኳስስ ቪዲዮ ሼር አደረገ እንበል። እሱ አልጻፈውም፤ ሼር ብቻ ነው ያደረገው። ጠዋት ክፍል ሲገባ ስለ ውጫሌ ውል እያስተማረ ሊሆን ይችላል፤ በጥሩ ሁኔታም ያስተምር ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ግን ትምህርቱን ትቶ ሰውየውን ያያል። የሚያስበው «ይህ ሰው ታሪክ ያውቃል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ይህ ሰው የእኔን ወረቀት እንዴት ያርማል?» ብሎ ነው።

ተነሳሽነት የሚሞተው እንዲህ ነው። ልጁ ሰነፍ አልሆነም። ድካሙና ውጤቱ የሚገናኙ አልመስል አሉት እንጂ። ከመቶ ሃምሳ ቢያገኝ ስለ ስሙ ነው ይላል፤ ሰማንያ ቢያገኝ እንኳ ዘጠና ይገባኝ ነበር ይላል። መምህሩ በሐቅ አርሞ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ጨዋ ሰው ነው። ግን ሐቀኛ መሆኑን ልጁ የሚያይበት መስኮት ተዘግቷል፤ የዘጋውም መምህሩ ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ያገኙት ውጤት እኛ ዘንድ ቢሞከር ለአንዱ ዴስክ ወደ ላይ፣ ለሌላው ዴስክ ወደ ታች የሚሄድ ይመስለኛል። ያው አንድ ፖስት አንዱን ልጅ «የእኛ ቲቸር» ያሰኘዋል፣ ጓደኛውን ከወንበሩ ያርቀዋል።

ሕጉም ቢሆን መምህሩን እንደ ተራ ወሬኛ አያየውም። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው ከብሮድካስትና ከኅትመት ጋር አሰልፎ ቅጣቱን ያከብድበታል። 5,000 ተከታይ ያላችሁ መምህራን በዚህ አዳራሽ ሳትኖሩ አትቀሩም። በሕግ ዓይን ጋዜጣ አላችሁ። እኔ ግን ከ5,000ው ይልቅ የሚያሳስበኝ ክፍል ውስጥ ያሉት ስልሳ ናቸው፤ 5,000ው ከሰለቸው ገጹን ይዘጋል፣ ስልሳው ግን ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ከፊቱ መቀመጥ አለበት።

አሁን ወደ ሌላ ስክሪን ልውሰዳችሁ። በእድሜ ከሠላሳ በላይ የሆናችሁ ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ። ከ1997 የትምህርት ዘመን አካባቢ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ንግግሩ ፈጣን ነው፣ ላቦራቶሪው ያማረ ነው። የክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ማንም አልመለሰም። ማንም ደግሞ ለምን አልመለሳችሁም አላለም።

ስለ ፕላዝማ ጥራትና ወጪ ብዙ ተከራክረናል፤ እሱን አልደግመውም። ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመን በመምህሩ ላይ ያደረገው ነገር ነው። ተማሪው ሁለቱን አወዳደረ። በስክሪን ያለው ሱፍ የለበሰ፣ እንግሊዝኛው የማይሰናከል፣ ሁሉም መሣሪያ ያለው። በክፍል ያለው ጠመኔ የያዘ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ተጭኖ በር ላይ የሚቆም። ብዙ ጥሩ መምህር በተማሪው ዓይን ያነሰው ያኔ ነው፤ እውቀቱ አንሶ ሳይሆን ከስክሪኑ አጠገብ ስለቆመ። መብራት ሲጠፋ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ክፍሉ መምህር ይዞራል፤ ያ ሰው ጠመኔውን አንሥቶ በአማርኛ ጣል እያደረገ ሲያስረዳ ክፍሉ ነፍስ ይዘራል። ይህን ያሳለፈ ትውልድ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል፣ ወላጅም ሆኗል። የሚገርመው፣ ፌስቡክ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አንዱን ስክሪን መንግሥት ሰቀለልን፤ ሌላውን እኛው ገዝተን ኪሳችን ከተትነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት ምሁራን ሬዲዮና ቴሌቪዥን አድማጩንና ተመልካቹን ከአቅራቢው ጋር እንደሚያወዳጁት፣ ወዳጅነቱ ግን በአንድ ወገን ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ተመልካቹ ያውቀዋል፤ እሱ ተመልካቹን አያውቀውም። የፕላዝማው መምህር እንዲያ ነበር። አሁን በቲክቶክ በአንድ ደቂቃ የኬሚስትሪ ጥያቄ የሚፈታው፣ የሚያስቀውና የሚያደንቁት ሰውም እንዲያ ነው። ይህን መጥፎ አልለውም። ወልድያ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ያለን ጎበዝ መምህር በነፃ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የራሳችሁ የክፍል መምህር ገጽ ሲኖረው ወዳጅነቱ በሁለት ወገን መሆን ይችላል፤ መምህሩ ልጁን ያውቀዋል፣ የልጁን ደብተር አይቷል። ይህን ትልቅ ብልጫ ብዙ መምህራን ይጥሉታል፤ የራሳቸውን ክፍል ትተው ለማያውቁት ሕዝብ ያሳያሉ።

ያልጣሉትን አይተናል። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ለማስተላለፍ ሞከረ። በከተማ ያሉ መምህራን ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ኖቱን በስልክ ፎቶ አንሥተው ላኩ፤ ፒዲኤፍ ላኩ፤ ድምፃቸውን ቀድተው «ጥያቄ ሦስትን ሁላችሁም ተሳስታችኋል፣ እንደገና ሥሩት» አሉ። ድምፁ ላይ ዶሮ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ያ ሕፃን ሲያለቅስ መሰማቱ፣ ከማንኛውም ያጌጠ ቪዲዮ በላይ ተማሪውን የሚያቀርብ ይመስለኛል፤ ማዘርና ጓደኞቹ «መግለጥ» ያሉት ነገር እኛ ዘንድ በዚህ መልክ መጣ።

ከዚያ የመጣውን እናንተ ኖራችሁታል። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ፣ ይህ አካባቢ ሁሉ ሲናወጥ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ብዙ ቦታ ዴስክና ኮምፒውተር ተዘረፈ። ከዚያ ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ቴሌግራሙ የሚያገለግለው ኔትዎርክ እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በገጹ የሚኖር መምህር፣ ኔትዎርክ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከመዘጋቱ በፊት የተማሪውን ቤት፣ የወላጁን ስልክ፣ የትኛው ልጅ የት እንደተሰደደ የሚያውቀው መምህር ግን መልእክት የሚልክበት መንገድ አያጣም፤ ወደ ገበያ በሚሄድ ሰውም ቢሆን።

ስለ መልካሙ ይህን ካልኩ፣ ሆድ የሚያስብሰኝን ነገር ልናገር። ተማሪን ቀርጾ መሳቂያ ማድረግ ነው። ቪዲዮዎቹን አይታችኋል። መምህሩ ስልኩን ይዞ ክፍል ውስጥ ይዞራል። «የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ማን ናት?» ይላል፤ የፈራው ልጅ ሌላ ነገር ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ ማታ ላይክ ይዘንባል። ኮሜንቱን ስታነቡ ደግሞ «የትምህርት ውድቀት» የሚል ክርክር ታያላችሁ። ልጁ በሰፈሩ ስም ወጥቶለታል። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ እጅ አያወጣም፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሌሎች አሥር ልጆችም አያወጡም፤ የተቀረጸው እሱ ብቻ ቢሆንም ካሜራውን ያየው ሁሉም ነው። መምህሩ «በፍቅር ነው፣ ለጨዋታ ነው» ይላል። ይሁን፣ በፍቅር ይሁን። ልጁ ግን ፈቃድ ሲጠየቅ እምቢ ማለት ይችል ነበር? ውጤቱን የሚሰጠው ሰው ነው የጠየቀው።

እዚህ ቦታ ላይ ሆኜ ይህን ሳነሳ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነገር ትዝ ይለኛል። መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት ታላቅ ሊቅ የተማሩት እዚሁ ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው ልጅ ሳሉ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ነበር፤ ለዓመታት ከጓደኞቻቸው ኋላ ቀርተው ለገዳሙ እህል እየፈጩ ያገለግሉ ነበር። አእምሯቸው የተከፈተው ቆይቶ ነው። ገድል ነውና ሰውም በየእምነቱ ይቀበለው፤ እኔ የምይዘው አንድ ነገር ነው። ያ የማይገባው ልጅ ዓመታት ሲቆይ ስንፍናውን ያወቀው የገዳሙ ሰው ብቻ ነበር። አገር ሁሉ አላየውም። ለመቆየት ጊዜም፣ ፊትም ነበረው። ዛሬ በሰላሳ ሰከንድ ቪዲዮ የዘገየውን ልጅ ለሺዎች ስናሳይ የምንወስድበት ይህንን ነው።

ቀጥዬ የምናገረው አጭር ነው፤ ብዙ ማብራሪያ ስለማይፈልግ። ኢንቦክስ። ወንድ መምህር ለሴት ተማሪው ማታ ሦስት ሰዓት «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ መጻፍ የለበትም። ስለ ፈተና ቢሆንም፣ ስለ ደብተር ቢሆንም። ልጅቱ ብትመልስ አንድ ችግር፣ ባትመልስ ውጤቷን ትፈራለች። በአሜሪካ የሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 መምህርና ተማሪ በግል የሚገናኙበትን የኢንተርኔት መንገድ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። መምህራኑ የመናገር ነፃነታችንን ይነካል ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤት አገደው፤ ግዛቷም በዚያው ዓመት አንቀጹን ሻረች። በሕግ ሲሆን አስቸጋሪ ነው። በትምህርት ቤት ደረጃ ግን ሕግ አያስፈልገውም። ከተማሪ ጋር የሚደረግ የጽሑፍ ግንኙነት ሁሉ በክፍሉ ግሩፕ ይሁን፤ በግሩፑ ውስጥ ርእሰ መምህሩ ወይም ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አንድ ወላጅ ይኑርበት። ወላጆች፣ «እኔ ቴሌግራም አልችልም» አትበሉ። የምትችል ልጃችሁ እንድትጨምራችሁ ንገሯት፤ መጻፍ አይጠበቅባችሁም፣ መኖራችሁ ይበቃል።

ወደ መጨረሻው ጉዳይ ልግባ፤ እሱም ገንዘብ ነው። መምህሩ ለምን ቲክቶክ ላይ ወጣ ብለን ስንጠይቅ «ለዝና» ብለን እናፌዛለን። የመምህር ደሞዝ ለቤት ኪራይና ለጤፍ እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። በሌላ በኩል የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ተማሪ ያህል ነው፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ወላጅ ይህን ሲሰማ ላሟን ሸጦም ቢሆን ማስጠኛ ይፈልጋል። ተማሪው ደግሞ በየቴሌግራሙ «የተረጋገጠ የፈተና መልስ» የሚሸጡ አጭበርባሪዎችን ያገኛል፤ ግንቦት 22 ቀን 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ሾልኮ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ሲሰረዝ ያየ አገር ስለሆንን፣ ሐሰቱም እውነት ይመስላል። በዚህ ገበያ ውስጥ እውነተኛ መምህር በእውነተኛ ስሙ ቆሞ ማስተማሩ መልካም ነው እላለሁ። ቢያስከፍልም አልቃወምም። ሐኪም በትርፍ ሰዓቱ በግል ክሊኒክ ይሠራል፤ መምህርም ቢሠራ ነውር የለውም።

የምቃወመው አንድ ነው። ለገዛ ክፍሉ ተማሪ ሲሸጥ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ምዕራፉን ነካ ነካ አድርጎ «ዝርዝሩ ቻናሌ ላይ አለ» ይላል። ቻናሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ለሁሉ ክፍት፣ ሁለተኛው በቴሌብር ከፍሎ ለገባ ብቻ። የከፈለው ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጅ ያወጣል፤ ያልከፈለው ልጅ አንገቱን ይደፋል። መምህሩም ሳያስበው የሚያወጣው ጥያቄ ከሚከፈልበት ቻናል ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ ወዲያ ያልከፈለው ልጅ ክፍል ውስጥ የሚሰማውን ሁሉ እንደ ማስታወቂያ ያየዋል፤ ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ነው ብሎ ያስባል። ትክክል ነው፤ ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ስንወጣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ልናቀርበው የምንችለው ጥያቄ ቀላል ነው። መምህር በገጹ ያስተምር፣ ያስከፍል፣ ስሙም ይታወቅ፤ ግን በራሱ ክፍል ከተመዘገበ ተማሪ ክፍያ አይቀበል፤ ለሌላው የሸጠውን ለራሱ ክፍል በነፃ ያውርድ፣ ስልክ ለሌላቸውም በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ወይም በወረቀት ይቀመጥላቸው። አንዳንድ መምህራን ይህን አሁንም ያደርጉታል፤ ፍላሽ ይዘው ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ አይቻለሁ። ኔትዎርክ ባይኖርም ፍላሹ ይሠራል። ለተሁለደሬም፣ ለወረባቦም፣ ለአምባሰልም የሚሆን ደንብ ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የምትስማሙ እጅ አውጡና ፊርማው ዛሬውኑ ይጀመር፤ መምህራን፣ እናንተም ጭምር።